ሰንደቅ የሌለው ጦርነት

ጦርነት ያለፈበት አገር ሰው፣ የጦርነትን ድምፅ ለደስታ ብሎ የሚያዳምጥ ሰው አለ ሲባል ለማመን ይቸገራል። የመድፍ ጩኸት ቤት ያፈርሳል፣ ሕፃን ያስበረግጋል፣ ከብት ይበትናል፤ ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛው ያለ አይመስልም። ሆኖም ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ (ካልተገለጸ በቀር ዘመናቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከብራዚል እስከ ፊንላንድ፣ ከካናዳ እስከ አውስትራሊያ ያሉ ወጣቶች ይህንኑ ድምፅ በጊታር፣ በድራምና በሰው ጉሮሮ ለመሥራት ሲደክሙ ኖረዋል። ሥራቸው «ዋር ሜታል» ይባላል፤ ከሄቪ ሜታል ዘሮች ሁሉ ጽንፍ የያዘው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ፍርድ ይፈርዳል። አንደኛው፣ ይህ ትርምስ እንጂ ሙዚቃ አይደለም የሚል ነው። ሁለተኛው ይከብዳል፤ ይህን የሚወድ ሰው ጥፋትን የሚወድ ነው ይላል። ታሪኩን ለመረመረ ግን ሁለቱም ፍርዶች አይጸኑም። ትርምሱ በብርቱ ሥርዓት የተሠራ ነው። የሚማርከውም ሰው ከሚያስፈራው ኃይል ጋር በራሱ ፈቃድና በራሱ ሰዓት፣ ያለ አዛዥና ያለ ሰንደቅ፣ ፊት ለፊት እንዲቆም ስለሚያስችለው ነው። ፈቃዱ ሲነጠቅ ወይም ሰንደቅ ሲተከልበት ሙዚቃው የሚከራከርለት ነገር ያጣል፤ ይህንንም የሚመሰክረው ያው ታሪክ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከፋብሪካ ነው። በእንግሊዟ በርሚንግሃም ቶኒ አዮሚ የተባለ የ17 ዓመት ወጣት በቆርቆሮ ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ ስለነበረ የጊታሩን ክር የሚጫንባቸው ጣቶች እነዚያው ነበሩ። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው፤ ቀጫጭን ክር ፈለገ፤ ቆየት ብሎም ክሩ እንዲላላ ጊታሩን ከተለመደው ዝቅ አድርጎ ቃኘ። ባንዱ ብላክ ሳባዝ በ1970 የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ፤ በ1971 በወጣው ሦስተኛ አልበም ላይ የተሰማው ያ ዝቅ ያለ፣ ደረት የሚያንቀጠቅጥ ቅኝት ደግሞ ከእሱ በኋላ ለመጣው ጽንፈኛ ሜታል ሁሉ መንገድ ከፈተ። ከአሥር ዓመት በኋላ ከኒውካስል የተነሣው ቬነም በ1981 እና በ1982 ባወጣቸው ሁለት አልበሞች ቅጂው ሻካራ፣ ጨዋታው ጥድፊያ የበዛበት፣ ግጥሙ በሰይጣን ስም የሚፎክር ሙዚቃ አቀረበ። የስዊዘርላንዱ ሄልሃመርና የስዊድኑ ባቶሪ ያንኑ ሻካራነት ይበልጥ አጨለሙት። የጦርነቱን ምት ያመጣው ግን ሌላ ወገን ነው። ከስቶክ ኦን ትሬንት የወጣው ዲስቻርጅ የተባለ የፐንክ ባንድ በ1982 ባወጣው አልበም የኑክሌር ጦርነትን ፍርሃት በጥቂት መስመር ግጥምና እረፍት በማይሰጥ ድራም አሰማ። ዲስቻርጅ ጦርነትን የሚያወግዝ ባንድ ነበር። ዛሬ የጦርነት ሙዚቃ የምንለው ድምፅ አጥንቱን የወሰደው ጦርነት ይብቃ ብለው ከጮኹ ወጣቶች መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም፤ ይህ ድምፅ ሲወለድ ከቦምቡ ሥር ያለው ሰው ድምፅ ነበር እንጂ ቦምቡን የሚጥለው ሰው አልነበረም።

ድምፁ ዛሬ የምናውቀውን መልክ መያዝ የጀመረው በብራዚል፣ በቤሎ ኦሪዞንቺ ከተማ ነው። ቤሎ ኦሪዞንቺ በ1897 በፕላን ተቆርቁራ የሚናስ ዤራይስ ግዛት ዋና ከተማ የሆነች፣ ብረት በሚቆፈርበት ተራራማ አካባቢ ያለች፣ ካቶሊካዊ ልማድ የጠነከረባት ከተማ ናት። በ1964 ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ አገዛዝ በ1985 ለሲቪል መንግሥት ሲለቅ፣ እዚያ ያደጉት ወጣቶች ከወታደር አገዛዝ ሌላ የሚያውቁት መንግሥት አልነበረም። የኑሮ ውድነቱ በዓመት ከ200 በመቶ በላይ ይጨምር ነበር፤ ከውጭ የሚገባ ጊታርና ማጉያ ለሠራተኛ ልጅ የማይቀመስ ነበር። ኮጉሜሎ የተባለ የሸክላ መሸጫ ሱቅ የእነዚህን ልጆች መገናኛ ሆነ፤ ብዙ ሳይቆይ ራሱ አሳታሚ ሆኖ በ1985 ሴፑልቱራ የተባለውን ባንድ የመጀመሪያ ሥራ፣ በ1986 ደግሞ የከተማዋን ባንዶች ያሰባሰበ አልበም አወጣ። ከእነዚህ ባንዶች አንዱ፣ ቀደም ሲል የሴፑልቱራ ድምፃዊ የነበረው ዋግነር ላሙኒየር የሚመራው ሳርኮፋጎ፣ በ1987 «አይ ኤን አር አይ» የተሰኘ አልበሙን አሳተመ። በሽፋኑ ላይ ወጣቶቹ ፊታቸውን ተቀብተው፣ ዝናር ታጥቀው፣ ክንዳቸው ላይ ሚስማር የተሰካበት ቆዳ አስረው በመካነ መቃብር ውስጥ ቆመዋል። ውስጡ ያለው ሙዚቃ ከሽፋኑ የባሰ ነበር፤ ድራሙ ከዘፈኑ ቀድሞ የሚሮጥ፣ ጊታሩ እንደ ጉም የተደበላለቀ፣ ድምፁ ከሰው ይልቅ ለአውሬ የቀረበ። ብዙዎች በኋላ የመጣው ዋር ሜታል ከዚህ አልበም ተቀዳ ይላሉ፤ ልክም ናቸው።

ከዚህ ተነሥቶ ቀላል ማብራሪያ መስጠት ይቻላል። አገሩ የተናወጠ፣ ኑሮው የከበደ፣ ወታደር የገዛው ወጣት የተናወጠ ሙዚቃ ይሠራል፤ ድምፁ የአካባቢው መስተዋት ነው የሚል ማብራሪያ። ይህን የሚደግፍ ሌላ ማስረጃም አለ። በኮሎምቢያዋ ሜዴሊን በ1983 የተመሠረተው ፓራቤሉም በ1987 ባወጣው አጭር ቅጂ ከሳርኮፋጎ ባልተናነሰ ሁኔታ ስድና የተተራመሰ ሙዚቃ አሰምቷል። ሜዴሊን በዚያ ዘመን የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ቦምብ የሚያፈነዱባት ከተማ ነበረች፤ በ1991 ከ100,000 ነዋሪ ከ300 በላይ የሚሆነው በአንድ ዓመት ውስጥ ተገድሏል። እንዲህ ባለ ቦታ ዝግ ያለና የጠራ ዜማ ሐሰት መስሎ ቢሰማ አይገርምም። ነገር ግን ማብራሪያው ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል፤ ምክንያቱም ዋር ሜታልን እስከ መጨረሻው ጠርዝ የወሰዱት ወጣቶች ያደጉት ሰላም በሰፈነባቸው ከተሞች ነው። ብላስፈሚ የተባለው ባንድ የተነሣው ከካናዳዋ ቫንኩቨር ዳርቻ ነው፤ ቤስቲያል ዋርላስት ከአውስትራሊያዋ ሜልቦርን። የቤሄሪት መነሻ የሆነችው የሰሜን ፊንላንዷ ሮቫኒዬሚ በ1944 ወደኋላ የሚያፈገፍገው የጀርመን ጦር አቃጥሎ ያወደማት ከተማ ናት፤ ይሁን እንጂ ባንዱ በ1989 ሲመሠረት ከተማዋ በአርክቴክት አልቫር አልቶ ፕላን እንደገና ከተሠራች አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ልጆቹም ትምህርትና ሕክምና በተሟላበት አገር ያደጉ ናቸው። ድምፁ የመከራ መስተዋት ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ቦታዎች ዝም ባሉ ነበር።

ታዲያ ከቤሎ ኦሪዞንቺ ወደ ቫንኩቨርና ወደ ሮቫኒዬሚ የተጓዘው ምንድን ነው? ያ የተጓዘ ነገር ሙያ ነው፤ የተጓዘውም በፖስታ ነው። ኢንተርኔት ባልነበረበት በዚያ ዘመን የጽንፈኛ ሙዚቃ ወዳጆች ካሴት እየቀዱ ከአገር አገር ይላላኩ ነበር። በእጅ የተዘጋጁ፣ በፎቶ ኮፒ የተባዙ መጽሔቶች አድራሻ ያለዋውጡ ነበር። ገንዘብ ያጠረው ልጅ ቴምብሩን ሙጫ ቀብቶ ይልካል፤ ተቀባዩ የፖስታ ቤቱን ማኅተም አጥቦ ያንኑ ቴምብር መልሶ ይጠቀምበታል። በዚህ መንገድ የፊንላንድ ፐንክ ባንዶች ጥድፊያ የብራዚሎቹ ጆሮ ደረሰ፤ የሳርኮፋጎ ሰዎች ራተስንና ቴርቬት ካዴትን የመሰሉ የፊንላንድ ባንዶች ተጽዕኖ አለባቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የብራዚሎቹ ካሴት ፊንላንድ ገብቶ ቤሄሪትን አስነሣ። አንድ ድምፅ ከሩቅ ሰሜን ተነሥቶ፣ በሐሩሩ አገር ተከርሮ፣ ወደ ተነሣበት ተመለሰ። በየቅጂው ድምፁ እየሻከረ፣ ሹክሹክታው እየበዛ ይሄድ ነበር፤ ወጣቶቹ ያንን ጉድለት እንደ ጉድለት ሳይቆጥሩ የሙዚቃው አካል አደረጉት። በእጃቸው ያልነበረውን መሣሪያና ስቱዲዮ በፈጠራ የተኩት ብራዚሎች ያስተማሩትን፣ ስቱዲዮ የማያጣው ካናዳዊ ወድዶ ተከተለው። ይህ እንግዲህ ምርጫ ነው፤ ምርጫ ባለበት ቦታ ደግሞ ጥበብ አለ።

ጥበቡ ምን እንደሆነ ለማየት ብላስፈሚን ጠጋ ብሎ መመልከት ይበቃል። ባንዱ የተመሠረተው በ1984 ነው፤ በ1989 የመጀመሪያ ካሴቱን፣ በ1990 ደግሞ በሎስ አንጀለሱ ዋይልድ ራግስ አሳታሚነት «ፎለን ኤንጀል ኦፍ ዱም» የተባለውን አልበም አወጣ። በ1993 የፈረንሳዩ ኦስሞዝ ሁለተኛውን አልበም አሳተመለት። አባላቱ በመድረክ የሚጠሩት በረዣዥም የፉከራ ስሞች ነው፤ ግጥማቸውም ከወሬ ይልቅ ለቀረርቶ የቀረበ ነው። ሙዚቃው ሲመረመር ግን የሚገኘው ስሌት ነው። ብላስት ቢት የሚባለው የድራም አመታት በደቂቃ 200 ምት ቢሄድና በእያንዳንዱ ምት ስኔር ድራም ሁለት ጊዜ ቢመታ፣ በሰከንድ ወደ 7 ምት ገደማ ይሆናል፤ ይህም ለረጅም ጊዜ ሳይዛነፍ መቀጠል አለበት። ጊታሩ በጣም ዝቅ ብሎ ስለሚቃኝና ድምፁ ሆን ተብሎ ስለሚሰነጣጠቅ፣ ኖታዎቹ እርስ በርስ ይቀልጣሉ፤ ጆሮ የሚይዘው አጥቶ ይዋልላል። ከዚያም ድንገት ድራሙ ዝግ ይላል፤ ጊታሩ ጥቂት ከባድ ኖታዎችን አንድ በአንድ ያስቀምጣል፤ አድማጩ እግሩ መሬት ይነካል። ወዲያው መሬቱ እንደገና ይነሣበታል። ትርምሱ የሚሰማው በዚህ መፈራረቅ ምክንያት ነው፤ ያለማቋረጥ የሚጮኽ ነገር እኮ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አይሰማም፣ ጆሮ ይለምደዋል። ከቫንኩቨር ማዶ ባለችው በቪክቶሪያ የተነሣው ኮንከረር በ1999 ባወጣው አልበም ይህን ይበልጥ አጠበቀው። ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ድራም የሚመታው ጄ. ሪድ በዚያ ፍጥነት እየመታ ያንኑ ጊዜ ይጮኽ ነበር። ይህን የሚሠራ ሰው እንደ ሯጭ ትንፋሹን ያሠለጠነ መሆን አለበት። ቁጣው እውነት ነው እንኳ ብንል፣ ቁጣ ብቻውን ሁለት ደቂቃ አያስኬድም።

የሚያዳምጠው ሰውስ ምን ያገኛል? በመጀመሪያ የሚያገኘው ሥራ ነው። ዋር ሜታልን አንድ ጊዜ የሰማ ግድግዳ ይሰማል፤ አሥር ጊዜ የሰማ ሰው ግድግዳው ውስጥ በር ያያል፤ ድራሙ የት እንደሚታጠፍ፣ ጊታሩ የት እንደሚወርድ ያውቃል። ከጥፋት መሐል ሥርዓትን ለይቶ ማውጣት ለጆሮ ብርቱ ደስታ ነው፤ ሰው ሥርዓቱን ፈልጎ ስላገኘው ደግሞ የራሱ ይሆናል። ሁለተኛው ጥቅም የሰውነት ነው። በ2015 የአውስትራሊያው የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊያ ሻርማንና ጄኔቪቭ ዲንግል ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 34 የሆነ 39 የጽንፈኛ ሙዚቃ አድማጮችን አጥንተዋል። ሰዎቹ የሚያናድዳቸውን ነገር እንዲያወሱ ከተደረገ በኋላ ገሚሶቹ የራሳቸውን ሙዚቃ እንዲሰሙ፣ ገሚሶቹ በዝምታ እንዲቀመጡ ተደረገ። ሙዚቃውን የሰሙት አልባሰባቸውም፤ የልብ ምታቸው ከሙዚቃው ጋር ተመጣጥኖ፣ ንዴታቸው ረግቦ፣ መነቃቃት ተሰማቸው። በ2019 ደግሞ የማኳሪ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የጭካኔ ግጥም ያለበትን ሙዚቃ የሚወዱ 32 ሰዎችንና የማይወዱ 48 ሰዎችን አወዳድረው፣ ወዳጆቹ ለጭካኔ ምስል ያላቸው የተፈጥሮ ድንጋጤ እንዳልደነዘዘ አሳይተዋል። ጥናቶቹ ያካተቱት ሰው ጥቂት ስለሆነ ሁሉን ነገር የሚዘጉ አይደሉም። ነገር ግን «ይህን የሚሰማ ልቡ ይደነድናል» የሚለው ፍርድ በእነሱ ዘንድ ድጋፍ አላገኘም፤ ማስረጃ የማቅረቡ ዕዳ አሁን የፈራጁ ነው።

ተቃውሞዎቹ ግን በጥናት ብቻ የሚመለሱ አይደሉም። የመጀመሪያው ከኖርዌይ ይመጣል። የዋር ሜታል የቅርብ ዘመድ በሆነው በኖርዌይ ብላክ ሜታል ዙሪያ የተሰባሰቡ ወጣቶች አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥለዋል፤ በበርገን አጠገብ የነበረው ጥንታዊው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን በሰኔ 1992 ነደደ። በነሐሴ 1993 ደግሞ ሙዚቀኛው ቫርግ ቪከርኔስ የሙያ ጓደኛውን ዩሮኒመስን ገደለ፤ በ1994 ለግድያውና ለቃጠሎዎች 21 ዓመት ተፈረደበት። ይህን ማቃለል አይገባም። ቃጠሎውን እንደ ጀግንነት የዘመሩ ሁሉ ከሞራል ዕዳው ድርሻ አላቸው። ሆኖም ሙዚቃው ብቻውን ወንጀሉን ይወልዳል ማለት፣ ይህንኑ ሙዚቃ በብዙ አገሮች ሠርተውና ሰምተው አንድ ድንጋይ ያልወረወሩትን ከየት ያስቀምጣል? ከእነሱ አንዱ የሳርኮፋጎው ላሙኒየር ነው፤ በኋላ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኖ ኢኮኖሚክስ አስተምሯል። ከዚህ የጠለቀው የሃይማኖት ሰው ተቃውሞ ነው። የእነዚህ ባንዶች ግጥም ለአማኝ የሚያመው ስድብ የሞላበት ነው፤ በዚህ ምክንያት አልሰማውም የሚል ሰው ሙሉ መብት አለው፤ ማንም ጠባብ ሊለው አይችልም። ነገሩን ለመረዳት ለሚሻ ግን አንድ ነገር ልብ ማለት ይጠቅማል። የሚናስ ዤራይስ ልጆች በመስቀልና በመቃብር ላይ የፎከሩት መስቀሉና መቃብሩ በኑሯቸው ላይ ከባድ ክብደት ስለነበራቸው ነው። ምንም የማይከብደውን ነገር ማንም አይጮኽበትም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይህ ድምፅ ራሱ መሣሪያ ሆኖ ያውቃል የሚል ነው፤ ይህም እውነት ነው። በታኅሣሥ 1989 አሜሪካ ፓናማን ስትወር፣ የአገሪቱ ገዥ ማኑኤል ኖሬጋ በቫቲካን ኤምባሲ ተጠለለ፤ የአሜሪካ ጦር ሕንፃውን ከብቦ በድምፅ ማጉያ ሮክ ሙዚቃ ለቀቀበት፤ ኖሬጋም በጥር 3 ቀን 1990 እጁን ሰጠ። ከ2001 በኋላ በጓንታናሞና በኢራቅ በእስር ላይ የነበሩ ሰዎች እንቅልፍ እንዳያገኙና መንፈሳቸው እንዲሰበር ሄቪ ሜታል ጭምር ያለ እረፍት ይለቀቅባቸው ነበር። በመኝታ ቤቱ ለወጣቱ እፎይታ የሚሰጠው ድምፅ በእስር ቤት ሥቃይ ሆነ። ይህ ማስረጃ ሙዚቃውን የሚከስ ይመስላል፤ የሚያሳየው ግን በመግቢያው ላይ የተነሣውን የፈቃድ ነጥብ ነው። የድምፁ ትርጉም ያለው በአድማጩ ፈቃድ ውስጥ ነው። ቁልፉን ማጥፋት የሚችል ሰው የሚሰማው ትርምስ የራሱ ነው፤ ማጥፋት የማይችል ሰው የሚሰማው ትርምስ የሌላ ሰው ሥልጣን ነው። የጦርነት ድምፅ አስፈሪነቱ ከጩኸቱ መጠን ይልቅ ከዚህ ይመነጫል፤ መንደርተኛው መድፉን አልጠራውም፣ ዝም በል ሊለውም አይችልም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርብ ነው። የጦርነትን ጩኸት ውበት ነው ብለው የተነሡ ሰዎች ከዋር ሜታል በፊት ነበሩ። ጣሊያናዊው ገጣሚ ፊሊፖ ቶማዞ ማሪኔቲ በ1909 ባወጣው መግለጫ ጦርነትን ዓለምን የሚያጸዳ ነገር አድርጎ አሞገሰ። በ1912 በኤዲርኔ ከበባ የሰማውን የመድፍ ድምፅ በጽሑፉ ለማስመሰል ደከመ። ጓደኛው ሉዊጂ ሩሶሎ በ1913 ጩኸትን የወደፊቱ ሙዚቃ ያደረገ መግለጫ አሳትሞ ጩኸት የሚያወጡ ሣጥኖች ሠራ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶም በ1917 ራሱ ላይ ክፉኛ ቆሰለ። ማሪኔቲ ግን አልተመለሰም። ፋሺስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ኢትዮጵያን ስትወር፣ ዕድሜው ወደ 60 ተጠግቶ ሳለ በፈቃደኝነት ዘመተ። ከሰማይ የሰናፍጭ ጋዝ በሚዘንብበት በዚያ ጦርነት ላይ የውበት መግለጫ ጻፈ፤ በኋላም ለዘመተበት የጥቁር ሸሚዝ ክፍለ ጦር የውዳሴ መጽሐፍ አሳተመ። በስደት ፓሪስ የነበረው ጀርመናዊው ፈላስፋ ዋልተር ቤንያሚን በዚያው ዘመን በጻፈው ታዋቂ ድርሰት መደምደሚያ ላይ ይህንኑ የኢትዮጵያ ጦርነት መግለጫ አንሥቶ፣ የሰው ልጅ የራሱን ጥፋት እንደ ውብ ትዕይንት ሊያይ የሚችልበት ደረጃ ላይ ደርሷል ብሎ አስጠነቀቀ። እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ዝናር ታጥቆ የጦርነትን ጩኸት የሚያሰማ የቫንኩቨር ባንድ ከማሪኔቲ በምን ይለያል?

ልዩነቱ ሦስት ቦታ ላይ ይታያል፤ ሦስቱም ከባድ ናቸው። ማሪኔቲ ከጎኑ መንግሥት፣ አውሮፕላንና ጋዝ ነበረው፤ ውዳሴው ለአንድ ሠራዊት የተጻፈ፣ የአንድን ሕዝብ መገደል የሚያስውብ ነበር። ዋር ሜታል የማንም ሠራዊት ሙዚቃ አይደለም፤ ማንንም አያስመለምልም፣ ካርታም የለውም፣ ጦርነቱ የሚካሄደው በሰማይና በሲኦል መሐል ባለ የተረት ሜዳ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ማሪኔቲ ጩኸቱን ውብ ነው ብሎ የሞተውን ሰው ከሥዕሉ አወጣው። ዋር ሜታል ግን ድምፁን አያስውበውም። ሻካራ፣ አስፈሪና አሳማሚ አድርጎ ይተወዋል። ጦርነት በሰልፍ ዜማና በነሐስ መለከት ከሚቀርብበት ማርሽ ጋር ሲነጻጸር ይህ ወደ እውነት የቀረበ ነው። ሦስተኛ፣ ማሪኔቲ አንባቢውን ወደ ግንባር ጠራ፤ ዋር ሜታል አድማጩን የሚጠራው ወደ ራሱ ፍርሃትና ወደ ራሱ ቁጣ ነው። የቤንያሚን ማስጠንቀቂያ የተነጣጠረው ጥበብ ለጦር አዛዥ አገልጋይ በሚሆንበት ቦታ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው።

በዚሁ መለኪያ ዋር ሜታልም ሊፈረድበት ይገባል። ከቤሎ ኦሪዞንቺ ከወጡት ባንዶች አንዱ ራሱን ሆሎካውስቶ ብሎ ሰይሞ በ1987 የጅምላ ማጥፊያ ካምፕን ርዕስ ያደረገ አልበም አወጣ። ማስደንገጥ የፈለገ ወጣት ሥራ ነው ቢባል እንኳ፣ በእውነት ያለቁ ሚሊዮኖችን ማስጌጫ ማድረግ ነውና ሊወገዝ ይገባዋል። ከዚያም ወዲህ በጽንፈኛው ብላክ ሜታል ዳርቻ የናዚን ዓላማ በግልጽ የያዙ ባንዶች ተነሥተዋል። እዚህ ላይ ሰንደቅ ተተክሏል፤ ጠላቱ ስም አግኝቷል፤ ሙዚቃው የማሪኔቲን መንገድ ይዟል። ይህን ዓላማ የያዙ ሰዎች የዘውጉ ባለቤት እንዳልሆኑ ታሪኩ ራሱ ይናገራል። ድምፁን የወለዱት የደቡብ አሜሪካ ወጣቶች ናቸው፤ ከብላስፈሚ አባላት መሐል በመድረክ ስሙ «ኮለር ኦፍ ዘ ስቶርምስ» የሚባለው ጊታሪስት ጥቁር ነው። የዘር የበላይነትን በዚህ ድምፅ የሚሰብክ ሰው የሚቆመው ሌሎች በሠሩት ቤት ውስጥ ነው። አድማጩም ከኃላፊነት ነጻ አይደለም፤ ሰንደቁን ካየ በኋላ «እኔ የምሰማው ሙዚቃውን ብቻ ነው» ማለት አይበቃውም።

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው ፍርድ ከዋር ሜታል አልፎ ይሄዳል። አንድ ሙዚቃ አደገኛ መሆን አለመሆኑን በጩኸቱ መጠን መለካት ለምደናል፤ የሩዋንዳ ታሪክ ግን ይህን ልማድ ያፈርሰዋል። ሲሞን ቢኪንዲ በአገሩ እጅግ የተወደደ የባህል ሙዚቀኛ ነበር፤ ዜማው ጣፋጭ፣ ግጥሙ የተዋጣለት ነበር። ዘፈኖቹ ከዘር ማጥፋቱ በፊትና በዘር ማጥፋቱ ጊዜ በሬዲዮ ጥላቻን ለመንዛት አገልግለዋል፤ እሱ ራሱም በ1994 መንገድ ላይ በድምፅ ማጉያ ለግድያ ባደረገው ቅስቀሳ በአሩሻ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2008 የ15 ዓመት እስራት ፈርዶበታል። ጆሮ የሚያስከፋው የብላስፈሚ ጩኸት ማንንም ወደ ጎረቤቱ ቤት አልላከም፤ ጆሮ የሚያስደስተው ዜማ ግን ገዳዮችን አጅቧል። ስለዚህ የጦርነትን ድምፅ በሚያሰማ ማንኛውም ጥበብ ፊት ልንጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ አድማጩ በፈቃዱ ነው ወይ የሚሰማው? ጣት የተቀሰረበት በሕይወት ያለ ሰው አለ ወይ? ከጀርባው የሚያዝ ማነው? ዋር ሜታል እነዚህን ጥያቄዎች በንጽሕና በሚያልፍበት ጊዜ ሰው ከፍርሃቱ ጋር የሚታገልበት፣ በከባድ ልፋት የተገነባ ጥበብ ነውና ክብር ይገባዋል። በማያልፍበት ጊዜ ምንም ዓይነት የድራም ችሎታ አያድነውም። ይኸው ፍርድ ለማርሹም፣ ለፉከራውም፣ በሠርግ ቤት ለሚዘፈነው ለስላሳ ዜማም እኩል ይሠራል፤ እኩል ካልሠራ የምንጠላው ጦርነትን ሳይሆን ጩኸትን ብቻ ነው ማለት ነው።